ክታብና ኪታብ፤ የማኅደር ቃላት ታሪክ ከሐረር መጻሕፍት እስከ ቤት ኮምፒዩተር

1. መግቢያ

አንድ ቃል በሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች ውስጥ ገብቶ ሁለት የተለያየ ኑሮ ሲኖር መመልከት ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ከፍ ያለ ትምህርት ይሰጠዋል። በአማርኛ «ክታብ» ሲባል በብራና ወይም በወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰረው መከላከያ ጽሑፍ ነው። ባለቤቶቹ «ጌይ ሲናን» በሚሉት በሐረሪ ቋንቋ ግን «ኪታብ» መጽሐፍ ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም በዐረብኛ «ጻፈ» ማለት የሆነው፣ በግእዝም «ከተበ» ተብሎ የሚገኘው፣ በአማርኛም «ክትባት» የሚለውን ያስገኘው ሥር ነው። የሚለያዩት ሰው ከጽሑፉ ጋራ ባለው ግንኙነት ነው። ክታብ አንድ ጊዜ ከተሰፋ በኋላ አይከፈትም፤ ባለቤቱ ውስጡን ሳያይ ያምነዋል። ኪታብ ግን ይከፈታል፤ ይነበባል፤ ሲላላ ይጠረዛል፤ ሲያረጅም በሌላ እጅ ይገለበጣል።

ይህን ልዩነት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በሐረርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን በየቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፣ የሽማግሌዎች ድምፅ፣ የአሮጌ መጻሕፍት ገጽ ምስል፣ የውርስና የንብረት ሰነድ ቅጂ ይቀመጣል። የሚቀመጥበትም መሣሪያ ቀድሞ የሚሽከረከር ሳሕን ያለው «ሃርድ ዲስክ» ሲሆን፣ አሁን በብዛት እየተካው ያለው «ኤስኤስዲ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ነው። ምሕጻሩ ተተንትኖ ቃል በቃል ሲመለስ «የጠጣር ሁነት ማኅደር» እንደ ማለት ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ይህ ስም በታሪኩ ትክክል ቢሆንም ለተጠቃሚው አሳሳች መሆኑን ነው። «ጠጣር» የሚለውን የሰማ ሰው መሣሪያው እንደ ድንጋይ የጸና ይመስለዋል፤ እንደ ክታብም አሽጎ ያስቀምጠዋል። የመሣሪያው ጠባይ ግን እንደ ኪታብ መከፈትን፣ መታየትንና መገልበጥን ይጠይቃል። ስለዚህ የቃሉን ታሪክ ከመሣሪያው አሠራር ጋራ አያይዘን እንመረምራለን። መነሻችንም መጽሐፍን በማቆየት ረገድ የብዙ ዘመን ልምድ ያላት ሐረር ትሆናለች። ከውጭ አገር ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

2. ሐረር መጻሕፍቷን እንዴት አቆየች

ጁገል የሚባለው የሐረር ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይታወቃል። በውስጡ ያለው አሮጌው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ሥፍራዎች እንዳሉበት ጠቅሷል። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይህን ያህል የጸሎትና የትምህርት ስፍራ ሲኖር፣ የመጽሐፍ ፍላጎቱም በዚያው መጠን ከፍ ያለ መሆኑ ግልጽ ነው። ቁርአን፣ የሕግ መጻሕፍት፣ የሰዋስው ድርሳናት፣ የዚክር ስብስቦች በእጅ ይጻፉ ነበር። የሐረሪ ቋንቋ ራሱ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ቆይቷል፤ «ኪታብ አል ፈራይድ» የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ለቋንቋው ታሪክ ዋና ምስክር ሆኖ የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1647 እስከ 1875 በራሷ አሚሮች የምትተዳደር የነበረችው ሐረር የጥራዝ ሥራዋም የታወቀ ነበር። በጥር ወር 1855 ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል የተቀመጠው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ የሐረርን ጥራዝ ስለ ጥንካሬውና ስለ ውበቱ አመስግኗል። ከዚሁ ጋራ የሐረሪን ቋንቋ ቃላትና ሰዋስው ሰብስቦ አያይዟል። ጠራዡና መዝገበ ቃላት ሰብሳቢው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገናኘታቸው ለሞያችን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ከተማዪቱ ብዙ ለውጥ አይታለች። ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ ጦር ተይዛ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. (1887) ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ሥር ሆነች። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መካከል መጻሕፍቱ የተረፉት በአንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከማችተው በመጠበቃቸው አይደለም። በየቤቱ፣ በየመስጊዱ፣ በየአውልያው ሥፍራ ተበትነው ስለ ኖሩና የአንዱ መጽሐፍ ቅጂ በሌላው ዘንድ ይገኝ ስለ ነበረ ነው። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚበጁት ጓዳ መሰል መስኮቶች መጽሐፍ ከሚቀመጥባቸው ቦታዎች አንዱ ናቸው፤ ይህም ማለት መጽሐፉ የሚኖረው ሰው በሚቀመጥበት፣ በሚበላበትና እንግዳ በሚቀበልበት ክፍል ውስጥ፣ በዐይን ፊት ነበር ማለት ነው።

ሌላም ልማድ አለ። ባለጸጋው ወይም ምእመኑ መጽሐፍ አስጽፎ ለመስጊድ ወይም ለተማሪዎች ወቅፍ አድርጎ ሲሰጥ፣ በመጽሐፉ ላይ የሰጪውን ስም፣ መጽሐፉ ለማን እንደ ተሰጠና እንዳይሸጥ የሚገልጽ ማስታወሻ ይጻፍበታል። በዚህም መጽሐፉ ምን እንደ ሆነ፣ የማን እንደ ሆነና ማን ኀላፊነት እንዳለበት ከራሱ ከመጽሐፉ ላይ ይነበብ ነበር። የዛሬው ሰው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሺህ ምስል ሲያከማች የምስሉን ባለቤት፣ ቦታና ቀን ባለመጻፉ የሚደርስበትን ችግር የሐረር ጸሐፊዎች አስቀድመው ፈትተውት ነበር ማለት ይቻላል።

በዘመናችን ይህን ቅርስ በመሰብሰብ ስማቸው የሚነሣው አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። በቤታቸው የጀመሩት ሙዚየም ከ2007 ጀምሮ ራስ ተፈሪ መኮንን ኖረውበታል በሚባለው በጁገል ውስጥ ባለው ታላቅ ቤት ይገኛል። ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች የተሰበሰቡበት ይህ ሙዚየም የጥራዝና የጥገና ሥራንም አድሶበታል፤ መጻሕፍቱንም በዲጂታል ምስል የመቅዳት ሥራ ተሠርቶበታል። እንግዲህ በብራናና በወረቀት ዘመን የነበረው ጥያቄ፣ «መጽሐፉን ምን ላይ እናኑረው?» የሚለው፣ በአዲስ መልክ የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው።

3. ማኅደር፣ ጎታ፣ ቋት፣ መዝገብ

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ ባዶ እጁን አልቀረበም። ዛሬ በኮምፒዩተር ቋንቋ የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ቃላት ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው።

«ማኅደር» ከግእዙ «ኀደረ» የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ማደሪያ ማለት ነው። ቀጥሎ የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን ባለማንገቻ የቆዳ ኮሮጆ መጠሪያ ሆነ። ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤት ገብቶ «የግል ማኅደር» ሲባል የሠራተኛው ወረቀቶች የሚታቀፉበትን ሰነድ አመለከተ። በመጨረሻም «ማኅደረ ትውስታ» ተብሎ የኮምፒዩተር ትዝታ መያዣ ስም ሆነ። በዚህ ሁሉ ጉዞው ያልተለየው ፍሬ ሐሳብ «ማደር» ነው፤ ያደረ ደግሞ ሲነጋ ይነሣል። ማኅደር ውስጥ የገባ መጽሐፍ ሊወጣና ሊነበብ የገባ ነው።

«ጎታ» ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። ዛሬ «የውሂብ ጎታ» ሲባል በሥርዐት የተደራጀ የመረጃ ክምችት ማለት ሆኗል፤ «ውሂብ» ደግሞ «ወሀበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተቀረጸ ነው። ለዚሁ ፍቺ «የመረጃ ቋት» የሚሉም አሉ፤ ቋት ከወፍጮው የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው። ጎታ የሚለው ቃል ለእኛ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለው። እህል ጎታ ውስጥ ስለ ገባ ብቻ አይድንም፤ ካልታየ፣ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይነቅዛል። ባለ እህሏ ይህን ስለምታውቅ ጎታዋን ትፈትሻለች። የኮምፒዩተሩ ባለቤት ቃሉን ሲወርስ ልማዱን ግን አልወረሰም።

የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ የማበጀቱ ሥራ በተደራጀ መንገድ የተያዘው በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመና ቆይቶም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ በኋላ ነው። «ጠጣር»፣ «ፈሳሽ»፣ «ሙል»፣ «ሕዋስ» የመሳሰሉት ቃላት በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በሙያ መዝገበ ቃላት እየተለመዱ መጥተዋል። በዚህ ጽሑፍም የምንገለገለው በእነርሱው ነው። «ሙል» ስንል በኤሌክትሪክ ትምህርት የታወቀውን፣ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ የሚባለውን ማለታችን ነው።

4. «ጠጣር» የሚለው ስም ከየት መጣ

ስሙ የተሰጠው መሣሪያው ጠንካራ ስለ ሆነ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሬዲዮና የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት አየሩ በተወገደበት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን በማስሮጥ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ሲፈለሰፍ ኤሌክትሮኑ በባዶ ቱቦ ውስጥ መሮጡ ቀርቶ በጠጣር ቁስ ውስጥ እንዲያልፍ ሆነ። «ጠጣር ሁነት» የተባለው ከባዶው ቱቦ ለመለየት ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ኤሌክትሮን የሚያልፍበትን ቁስ ሲሆን፣ ስለ ዕድሜና ስለ ጽናት የሚለው ነገር የለም።

የመረጃ መያዣው ታሪክ በሌላ መንገድ መጣ። በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው የሳሕን ማኅደር 50 ታላላቅ ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነበር። በዚህ ዐይነቱ መሣሪያ መረጃው የሚያዘው በመግነጢስ ሲሆን፣ ሳሕኑ ይሽከረከራል፤ አንባቢው ክንድ ይመላለሳል። በ1967 በዚያው በቤል ላቦራቶሪ ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ የተባሉ ተመራማሪዎች በማገጃ ንብርብር በተከበበች ትንሽ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮንን አግቶ ማቆየት እንደሚቻል አሳዩ። በ1984 ጃፓናዊው የቶሺባ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ዛሬ «ፍላሽ» የምንለውን ማኅደር ለዓለም አቀረበ። ስሙም የመጣው ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲደመሰሱ የፎቶግራፍ መብራት ብልጭታን ስለሚያስታውስ ነው። በ1991 ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ፣ ያኔ ሰንዲስክ ይባል የነበረው፣ በፍላሽ የተሠራና የሃርድ ዲስክን ቦታ የሚይዝ ማኅደር አወጣ፤ የሚይዘው 20 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን ዋጋው 1,000 ዶላር ያህል ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሃርድ ዲስክ መግነጢስ ይይዛል፤ ኤስኤስዲ ሙል ይይዛል። የታገተ ሙል ደግሞ በጊዜ ብዛት ያፈተልካል።

5. የሙል ጠባይ

አንዲት ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ የምትይዝ ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሙል አለ ወይስ የለም? ዋጋውን ለመቀነስ ሲባል ግን በአንዲት ሕዋስ 2፣ 3፣ 4 ቢት ማስቀመጥ ተለመደ። ለ3 ቢት 8፣ ለ4 ቢት ደግሞ 16 የተለያየ የሙል መጠን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ጣሳ ውኃ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ ብሎ መለየት ለማንም አይቸግርም፤ በዚያው ጣሳ ላይ 16 ምልክት ተደርጎ ውኃው ከየትኛው ምልክት ላይ እንዳለ መናገር ግን ጥቂት ጠብታ ሲጎድል ይሳሳታል። ርካሹ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ይህን ጣሳ የሚመስል ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ስሕተቱን በስሌት ያርማል፤ ጉድለቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ማረም አይችልም።

ሁለተኛው ጠባይ ማለቅ ነው። ብራና ላይ የተሳሳተ ጸሐፊ በካራ ፍቆ እንደገና ይጽፋል፤ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ቢፍቅ ግን ብራናው ይሳሳና ይበሳል። የፍላሽ ሕዋስም እንዲሁ ነው፤ በተደመሰሰና በተጻፈ ቁጥር ማገጃው ንብርብር ይደክማል። ከዚህም በላይ መጻፍ የሚቻለው በገጽ በገጽ ሲሆን መደምሰስ የሚቻለው ብዙ ገጾችን በያዘ ክፍል ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ድካሙ በአንድ ቦታ እንዳይበዛ ጽሑፉን በየሕዋሳቱ ያዳርሳል። ይህን ለማድረግ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፤ እስከ ጢም የተሞላ ኤስኤስዲ ቀርፋፋና ቶሎ የሚያልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከጠቅላላው ይዞታ 10 ወይም 20 በመቶ ያህሉን ባዶ መተው መልካም ልማድ ነው። በተራ የቤት ሥራ ላይ የዋለ መሣሪያ ግን አምራቹ ከመደበለት የመጻፍ መጠን ሳይደርስ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ መጻፍን መፍራት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ከጉዳያችን ጋራ የሚያያዝ ነው። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ አውጪ ማኅበር ለቤት አገልግሎት የሚውል ኤስኤስዲ የተመደበለትን የመጻፍ መጠን ከጨረሰ በኋላ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢቀመጥ፣ መረጃውን ለ1 ዓመት እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲስ መሣሪያ ከዚህ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይይዛል። ሙቀት ሲጨምር ግን ጊዜው ያጥራል። በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር አየሯ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ወርዳ በቆላ የምትገኘው ድሬዳዋ ግን ለታሸገ ማኅደር የማትመች ናት። ያም ሆነ ይህ፣ ሥራ ያቆመ ኤስኤስዲ በሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ አይደለም።

6. በከተማ ቤት ውስጥ

ይህ ሁሉ በሐረር ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው የመብራት ነገር ነው። በከተሞቻችን መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል፤ ሲመጣም አንዳንድ ጊዜ ኀይሉ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣል። ኤስኤስዲ «ጽፌአለሁ» ብሎ ለኮምፒዩተሩ ከነገረ በኋላ እንኳ ጽሑፉን ለጥቂት ጊዜ በጊዜያዊ ትውስታ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ አዲሱ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የጽሑፎቹን ቦታ የሚያመለክተው የውስጥ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ለታላላቅ ተቋማት የሚሠሩት መሣሪያዎች ለዚህ መጠባበቂያ ኀይል አላቸው፤ ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ የላቸውም። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ኮምፒዩተር ያለው ሰው መብራት ሲጠፋ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ማስገባቱ፣ ኀይሉ ለሚዋዥቅበትም ስታቢላይዘር መጠቀሙ ለኤስኤስዲው ከማንኛውም መድኀኒት ይበልጣል። ላፕቶፕ በራሱ ባትሪ ስላለው ባትሪው እስካልደከመ ድረስ ይህ ጥበቃ አለው።

ሁለተኛው የግዢ ነገር ነው። የውሸት ይዞታ የተጻፈበት ዕቃ በዓለም ገበያ ላይ ብዙ ነው፤ ብዙ ይይዛል ተብሎ ጥቂት ብቻ ይይዝና የቀረውን በቀደመው ላይ ይደርባል። ገዢው ገንዘቡ ሳይርቅ መሣሪያውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ይገባዋል። ሦስተኛው የጤንነት ዘገባ ነው። መሣሪያው ምን ያህል እንደ ተጻፈበትና ምን ያህል ዕድሜ እንደ ቀረው ራሱ ይመዘግባል፤ ይህንንም በቀላል ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። ይሁን እንጂ ዘገባው ሁሉን አይናገርም። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ይንቋቋል፤ ባለቤቱም ይሰማዋል። ኤስኤስዲ ድምፅ የለውም፤ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ላይታይ ይችላል።

አራተኛው የመደምሰስ ነገር ነው። በሃርድ ዲስክ ዘመን የተሰረዘ ጽሑፍ በጥገና ባለሙያ እጅ ብዙ ጊዜ ይገኝ ነበር። በኤስኤስዲ ላይ ግን የኮምፒዩተሩ ሥርዐት «ይህ ቦታ አያስፈልግም» የሚል ትእዛዝ፣ «ትሪም» የሚባለውን፣ ስለሚሰጥና ተቆጣጣሪው ቦታውን ስለሚያጸዳው፣ የተሰረዘው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ትእዛዙ መሣሪያው ፈጣንና ረዥም ዕድሜ ያለው እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ማጥፋት የለበትም። ሰዉ ግን «ባለሙያ ያወጣልኛል» የሚለውን የቆየ ተስፋ መተው ይኖርበታል።

7. ምትኬ

እንግዲህ ሁሉም ምክር ወደ አንድ ቃል ያመራል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር አማርኛ «ምትኬ» የተባለው ነው። ቃሉ «ተካ» ከሚለው የወጣ ሆኖ «የእኔ ምትክ» ማለት ነው። በሕዝባችን ዘንድ ምትኬ የሰው ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም ወላጅ ወይም ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለድ ሕፃን ይወጣል። ስሙ የሐዘንም የመጽናናትም ስም ነው። ቃሉን ወደ ኮምፒዩተር ያመጡት ሰዎች የመረጡት ውብ ቃል ቢሆንም፣ አንድ ነገር ግን ተገልብጧል። የሰው ምትኬ ከጉዳቱ በኋላ ይወለዳል፤ የመረጃ ምትኬ ግን ከጉዳቱ በፊት ካልተወለደ ከቶ አይወለድም። መዝገበ ቃላቱ ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል ለይቶ ካልተናገረ፣ አንባቢው ቃሉን በሚያውቀው ፍቺ ተርጕሞ እስኪጠፋበት ይጠብቃል።

ምትኬ እንዴት እንደሚበጅ የሐረር መጻሕፍት ታሪክ ቀድሞ አሳይቶናል። ቅጂው ከአንድ በላይ ይሁን፤ በአንድ ዐይነት ነገር ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ከቤት ውጭም አንድ ይኑር። ይህ በዛሬው ባለሙያ ዘንድ 3 ቅጂ፣ 2 ዐይነት መያዣ፣ 1 በሌላ ቦታ ተብሎ ይጠቃለላል። ለዕለት ሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማቆያ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ቢሆን ይበቃል። ልጆቻቸው በቶሮንቶም ሆነ በሌላ ሩቅ አገር የሚኖሩ የሐረር ቤተ ሰቦች ሦስተኛውን ቅጂ የሚያኖሩበት ቦታ አላቸው።

የብራና መጻሕፍታችንም በዚሁ መንገድ ተጠብቀዋል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ቀድቶ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አስቀምጧል። ዋናው መጽሐፍ አደጋ ቢደርስበት ቃሉ አይጠፋም።

ቅጂ ሲባል ግን መሣሪያውን ብቻ መለወጥ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ የፊደል ቍጥር ነበረው። በዚያ ዘመን የተጻፈው ሰነድ የራሱ ፕሮግራም ከሌለ ዛሬ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የባዕድ ፊደል ክምር ይሆናል። ማኅደሩ ደኅና ነው፤ ጽሑፉ ግን ድዳ ሆኗል። በየጊዜው እየከፈተ ወደ አዲሱ ሥርዐት የገለበጠ ሰው ጽሑፉን አድኗል፤ አሽጎ ያስቀመጠ ግን አላዳነም።

8. ለመዝገበ ቃላት የቀረበ ሐሳብ

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት «የጠጣር ሁነት ማኅደር» የሚለውን ቀጥተኛ ትርጕም በዋና ቃልነት ማስገባቱን አንደግፍም። ሕዝቡ «ኤስኤስዲ» ይላል፤ ቃሉ ተለምዷል፤ ስለዚህ እርሱው ዋና ቃል ይሁን። በአማርኛ ስም መስጠት በሚያስፈልግበት ቦታ «ሙል ማኅደር» የሚለውን እናቀርባለን፤ ይህ ስም መሣሪያው የሚይዘውን ነገር በግልጽ ስለሚናገርና ሙል እንደሚጎድል ለተማረ ሰው ሁሉ ስለሚያስታውስ ነው። የፍቺዎቹም ረቂቅ የሚከተለው ነው።

ኤስኤስዲ፤ (ስም) ሙል ማኅደር። የሚሽከረከር ሳሕን ሳይኖረው፣ በሕዋሳት ውስጥ በሚታገት የኤሌክትሪክ ሙል አማካይነት መረጃ የሚይዝ የኮምፒዩተር ክፍል። በመጻፍ ብዛት ያልቃል፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ምትኬ፤ (ስም) 1. በሞተ ሰው ፈንታ የተወለደ፤ የሰው መጠሪያ። 2. (በኮምፒዩተር) ዋናው ከመጥፋቱ አስቀድሞ በሌላ መያዣና በሌላ ቦታ የሚቀመጥ፣ በየጊዜው እየተከፈተ የሚፈተሽ የመረጃ ቅጂ።

ፍቺ ረዝሟል የሚል ነቀፌታ ሊቀርብ ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን የመሣሪያ ስም ፍቺ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚጎዳም ሊናገር ይገባዋል። «ጎታ» የሚለውን ቃል ለማያውቅ ሰው ስናስረዳ ነቀዝን ሳናነሣ ብናልፍ ገበሬው ይታዘበናል። የሽማግሌ ድምፅ፣ የአያት ኪታብ ምስል በሙል ማኅደር ውስጥ ያኖረ ሰውም ከመዝገበ ቃላት ይህንኑ ያህል እውነት ሊያገኝ መብት አለው።

በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ለማኅደር፣ ለቅጂና ለምትኬ የሚነገሩትን ቃላት የሚያውቁ አንባብያን ከነፍቺያቸውና ከተሰሙበት ቦታ ጋራ ጽፈው ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው ዝርዝር ከአማርኛው ጎን እናስገባቸዋለን።